ከጠብታው እስከ ዋጋው፦ የሞተር ዘይት ፍሳሽ ምርመራና የጥገና ዋጋ ምዘና በደጀንና በዓባይ በረሃ መንገድ

አኅፅሮተ ጥናት

የዓባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን የሚደርስ ተሽከርካሪ የሞተር ዘይት ፍሳሹን በግልጽ የሚያሳየው አቀበቱን እንደ ጨረሰ ነው። ይሁን እንጂ ፍሳሹን የሚገልጠው አቀበት የፍሳሹን ምንጭ ይሸሽጋል። ከሞተሩ አናት የሚወርድ ዘይት በአቀበቱ ወደ ኋላ ተገፍቶ በካምቢዮው መገጣጠሚያ ስለሚንጠባጠብ፣ ቀላልና ርካሽ የሆነው ብልሽት ከባዱንና ውዱን ይመስላል። ይህ አጭር ጽሑፍ የመስክ ጥናት ሳይሆን የትንተና ጽሑፍ ነው። የፍሳሽን ምንጭ ደረጃ በደረጃ የመለያ ሥርዓት ያቀርባል፤ የፍሳሹን መጠን በሚሊ ሊትር ያሰላል፤ በመጨረሻም ከጋራዥ የሚሰጥ የዋጋ ማቅረቢያ ስለ ብልሽቱ መንስኤ የቀረበ መላምት ተደርጎ ሊመዘን እንደሚገባ በቀላል ስሌት ያስረዳል።

ቁልፍ ቃላት፦ የሞተር ዘይት፣ ፍሳሽ፣ ኦይል ሲል፣ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ደጀን፣ የዓባይ በረሃ

1. መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ተሽከርካሪ ጎሐ ጽዮንን ካለፈ በኋላ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮም እስከ ደጀን ድረስ አቀበቱን ይወጣል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ በቁልቁለቱም ሆነ በአቀበቱ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። መንገዱ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ታድሷል፤ የሕዳሴ ድልድይም በዚሁ ርዳታ ተሠርቷል። ይሁንና የመልክዓ ምድሩ ፈተና እንዳለ ነው። ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ለረጅም ጊዜ የሚሠራበት፣ ብልሽት ቢደርስ ደግሞ የቅርብ ጋራዥ የማይገኝበት መንገድ ነው።

ደጀን አቀበቱን የጨረሰ ሾፌር ሞተሩን የሚያበርድባት፣ ከመኪናው ሥርም ጎንበስ ብሎ የሚመለከትባት ከተማ ናት። ከሥር የሚታየው የዘይት ጠብታ ወዲያውኑ ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሣል፦ ጉዞው ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? የተጠየቀው የጥገና ዋጋስ ተገቢ ነውን? ሁለቱም ጥያቄዎች የሚመለሱት ሦስተኛው ጥያቄ አስቀድሞ ሲመለስ ብቻ ነው፤ እርሱም ዘይቱ በትክክል የሚፈስሰው ከየት ነው የሚለው ነው።

ጉዳዩ ከአንድ ባለ መኪና ኪስ ያልፋል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በመለወጡ ከውጭ የሚገቡ መለዋወጫዎች ዋጋ በብር ሲተመን ንሯል። ስለዚህ ዛሬ በመንገድ ላይ ያሉት ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ሃይስና አይሱዙ መኪኖች ገና ብዙ ዓመታት በጥገና እንዲኖሩ ይጠበቃል። ያረጀ ሞተር ዘይት ማንጠባጠቡ የማይቀር ከሆነ፣ ጠብታውን በትክክል ማንበብ ኢኮኖሚያዊ ዕውቀት ይሆናል።

2. አቀበቱ በዘይቱ ላይ የሚያደርገው

ሦስት ኩነቶች በዚህ መንገድ ላይ ይደራረባሉ። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። በአገራችን በስፋት የሚታወቀው 15ደብልዩ-40 የሞተር ዘይት በ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 100 ሴንቲስቶክ ገደማ የሆነ ዝልግልግነት ሲኖረው፣ በ100 ዲግሪ ግን ወደ 14 ይወርዳል። ይህም ማለት የጋለው ዘይት ሰባት እጥፍ ያህል ይቀጥናል ማለት ነው። በቀዝቃዛው የደጀን ጠዋት ከስንጥቅ ውስጥ ረግቶ የነበረ ዘይት፣ ከአቀበቱ በኋላ በዚያው ስንጥቅ እንደ ውኃ ሊወርድ ይችላል። ስለሆነም በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ብቻ ተመሥርቶ “ፍሳሽ የለም” ማለት ምርመራ አይደለም።

ሁለተኛው ግፊት ነው። ሞተር በከባድ ሸክም ሲሠራ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተንና በሲሊንደር መካከል አምልጦ ወደ ታችኛው የሞተር ክፍል ይገባል። ይህ ጋዝ በመተንፈሻ ቱቦ መውጣት ይኖርበታል። መተንፈሻው በቆሻሻ ከተደፈነ፣ ወይም የፒስተኖቹ ፋሻ አልቆ የሚያመልጠው ጋዝ ከበዛ፣ ግፊቱ ዘይቱን በደካማው ጓርኒሲዮን ወይም በኦይል ሲል በኩል ያስወጣዋል። (ጓርኒሲዮን ወይም ጋስኬት የሚባለው በሁለት የማይንቀሳቀሱ አካላት መካከል የሚገባው ማሸጊያ ነው፤ ኦይል ሲል ደግሞ በሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ የሚገጠመው ጎማ ነው።) በዚህ ጊዜ ማሸጊያውን ብቻ መቀየር ምልክቱን እንጂ መንስኤውን አያስወግድም፤ አዲሱም ማሸጊያ ሳይቆይ ማፍሰስ ይጀምራል።

ሦስተኛው የመኪናው ማዘንበል ነው። እንደ ሃይስና አይሱዙ ባሉ፣ ሞተራቸው በመኪናው ቁመት በተቀመጠ ተሽከርካሪዎች ላይ፣ ከቫልቭ ክዳኑ የሚያመልጥ ዘይት በአቀበት ጊዜ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ሞተሩና ካምቢዮው በሚገጣጠሙበት ቦታ ይንጠባጠባል። የሞተሩ ዋና ዘንግ ማለትም የኮሎው የኋላ ኦይል ሲል ሲበላሽ የሚንጠባጠበውም በዚሁ ቦታ ነው። ነፋሱም ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚበትን መመሳሰሉ ይጨምራል። እንደ ቪትዝ ባሉ፣ ሞተራቸው በአግድም በተቀመጠ መኪኖች ላይ ማዘንበሉ ዘይቱን የሚወስድበት አቅጣጫ ይለያል፤ ነገር ግን ጠብታው ያረፈበት ቦታ የፍሳሹ ምንጭ አለመሆኑ እዚያም እውነት ነው።

የሁለቱ ብልሽቶች የዋጋ ልዩነት ሰፊ ነው። የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን ከላይ ጥቂት ቡሎኖች ተፈትተው የሚቀየር ሲሆን፣ የኋላውን ኦይል ሲል ለመድረስ ግን ካምቢዮው መውረድ አለበት። በሁለተኛው ሥራ ላይ ዕቃው ርካሽ ሆኖ የእጅ ዋጋው ብዙ ነው። እንግዲህ ደጀን ላይ፣ አቀበት ከተወጣ በኋላ የሚደረግ የችኮላ ምርመራ ወደ ውዱ ድምዳሜ ያዘነበለ ነው። ለዚህም የመካኒኩ ሐቀኝነት መጉደል የግድ አያስፈልግም፤ መልክዓ ምድሩ ራሱ ያሳስታል።

3. ምንጩን የመለያ ቅደም ተከተል

3.1 ፈሳሹን መለየት። ከመኪናው ሥር ነጭ ካርቶን ወይም ወረቀት ይነጠፋል። የሞተር ዘይት ከቡናማ እስከ ጥቁር ነው፤ በጣት መካከል ሲሹት ይሟልጫል። ቀይና ቀጭን ከሆነ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል። የማኑዋል ካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት የድኝ የመሰለ ከባድ ሽታ አለው። የራዲያተር ፈሳሽ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሲሆን ጣፋጭ ሽታ ይኖረዋል። ከአየር ማቀዝቀዣው የሚወርድ ንጹሕ ውኃ ብልሽት አይደለም። የካምቢዮን ዘይት የሞተር ዘይት ነው ብሎ የተነሣ ምርመራ ከጅምሩ ስቷል።

3.2 የሚፈስሰውን ከሚቃጠለው መለየት። ዘይቱ እየጎደለ ከሥር ጠብታ ካልታየ ሞተሩ ዘይቱን እያቃጠለ ሊሆን ይችላል። የበረሃው መንገድ ለዚህ ጥሩ መለያ ይሰጣል። በቤንዚን ሞተር ረጅሙን ቁልቁለት ነዳጅ ሳይረግጡ በማርሽ ሲወርዱ በአየር ማስገቢያው በኩል ብርቱ የመሳብ ኃይል ይፈጠራል፤ በቫልቮቹ ዙሪያ ያሉት ጎማዎች ካረጁ ዘይት ወደ ውስጥ ይሳባል። ድልድዩ ታልፎ ነዳጅ ሲረገጥ ሰማያዊ ጭስ ከታየ ምልክቱ ይህ ነው። በአቀበቱ ሁሉ የማያቋርጥ ሰማያዊ ጭስ ግን ወደ ፋሻ ማለቅ ያመለክታል። በሁለቱም ሁኔታ የውጭ ማሸጊያ መቀየር መፍትሔ አይሆንም።

3.3 ማጠብና እንደገና መመልከት። በዘይትና በአቧራ ጭቃ በተሸፈነ ሞተር ላይ ምንጭ መለየት አይቻልም። ሞተሩ ከበረደ በኋላ የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያዎችና የአየር ማስገቢያው ተሸፍነው በዘይት አሟሚ ይታጠባል፤ ይደርቃል፤ ከዚያም ሞተሩ እስኪግል ድረስ ተነድቶ እንደገና ይታያል። ፍለጋው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ርጥበቱን ተከትሎ እስከ ከፍተኛው ርጥብ ነጥብ ይዘለቃል። ከዚያ ነጥብ በላይ ደረቅ ከሆነ ምንጩ እዚያ ነው። በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም በዘይቱ ላይ መጨመር ፍለጋውን ያቀልላል። ይህ በማይገኝበት ቦታ በታጠበውና በደረቀው ገጽታ ላይ የሕፃናት ፓውደር ስስ አድርጎ መነስነስ ይቻላል፤ ዘይቱ የሚወጣበት ቦታ ጠቁሮ ይለያል።

3.4 ርካሾቹን ምንጮች አስቀድሞ ማጣራት። ያልጠበቀ ወይም አሮጌ ጎማው ተጣብቆበት የቀረ የዘይት ፊልትሮ፣ የኮፓው ማፍሰሻ ቡሎን፣ የዘይት ግፊት ጠቋሚው፣ የዘይት መሙያው ክዳንና የቫልቭ ክዳኑ በጥቂት ደቂቃ የሚታዩ ናቸው። በተለይ ፍሳሹ ዘይት ከተቀየረ በኋላ የጀመረ ከሆነ፣ ከማንኛውም ሌላ ጥርጣሬ በፊት ፊልትሮውና ማፍሰሻ ቡሎኑ ይታያሉ። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይትም ራሱን የቻለ መንስኤ ሊሆን ይችላል።

3.5 ግፊቱን መለካት። ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ በዩ ቅርጽ ታጥፎ እስከ ግማሹ ውኃ ይሞላል፤ አንዱ ጫፍ በመለኪያ ዘንጉ ቀዳዳ ላይ አየር በማያስወጣ መልኩ ይገጠማል። በሁለቱ ክንዶች መካከል የ10 ሴንቲ ሜትር የውኃ ልዩነት 1 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት ነው። መተንፈሻው በደኅና የሚሠራ የቤንዚን ሞተር በዝግታ ሲሽከረከር አብዛኛውን ጊዜ ውኃውን በመጠኑ ወደ ራሱ ይስባል። ውኃው ወደ ውጭ ከተገፋና ነዳጅ ሲሰጠው ግፊቱ ከጨመረ አስቀድሞ መተንፈሻው ይጸዳል፤ ከዚያም ልኬቱ ይደገማል። ግፊቱ ካልወረደ ጥያቄው የኦይል ሲል ሳይሆን የሞተሩ ዕድሜ ይሆናል። ትክክለኛው ወሰን በሞተሩ አምራች መመሪያ የተሰጠው ነው።

4. መጠኑን ወደ ቁጥር መለወጥ

“ትንሽ ያፈሳል” የሚለው አነጋገር ለውሳኔ አይበቃም። ፍሳሽን በሦስት ደረጃ መክፈል ይጠቅማል፦ ርጥበት (ጠብታ የማይሠራ)፣ ጠብታ እና ወራጅ። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ነው ብለን ብናስብ፣ በየ10 ሴኮንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ሞተር በሰዓት 360 ጠብታ ወይም 18 ሚሊ ሊትር ያጣል። በብዙ አውቶሞቢሎች በመለኪያ ዘንጉ ላይ ባሉት የላይኛውና የታችኛው ምልክቶች መካከል ያለው መጠን ወደ 1 ሊትር ይጠጋል። በዚህ ፍጥነት 1 ሊትር ለመጉደል ከ55 ሰዓት በላይ ጉዞ ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ተሽከርካሪ ዘይቱ በየጊዜው እየታየ ደብረ ማርቆስም ሆነ አዲስ አበባ ሊደርስ ይችላል።

ወራጁ ግን ሌላ ነው። በሴኮንድ 1 ሚሊ ሊትር የሚያፈስስ ሞተር 1 ሊትሩን በ17 ደቂቃ ይጨርሳል። ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው አቀበት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ተሽከርካሪ 48 ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ የሚፈስሰው ዘይት 2.9 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ይህም የብዙ ትናንሽ አውቶሞቢሎች ሞተር ከሚይዘው ዘይት አብዛኛው ነው። ስለዚህ ወራጅ ፍሳሽ ያለበት መኪና በረሃውን ሊጀምር አይገባም። የዘይት ግፊት መብራት ከበራም ሞተሩ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት፤ “ትንሽ ቀርቶኛል” ብሎ መቀጠል በርካሽ ሊጠገን የሚችለውን ብልሽት ወደ ሙሉ ሞተር እድሳት ይለውጠዋል።

ከመጠኑ ጎን ለጎን የሚያርፍበት ቦታም ይመዘናል። በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት መጠኑ ቢያንስም የእሳት አደጋ ነው። በጥርሳማው የሞተር ቺንጋ፣ በፍሪሲዮን ወይም በዲናሞ ላይ የሚደርስ ዘይት ሌላ ክፍል ያበላሻል። እነዚህ ጠብታዎች ሳይዘገዩ መጠገን ይኖርባቸዋል።

ልኬቱ እንዲታመን መለኪያ ዘንጉ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ይታያል፦ መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በኋላ። ጎሐ ጽዮን ላይ የተመዘገበው ልክ ደጀን ላይ በዚሁ ሁኔታ ሲደገም፣ መንገዱ ራሱ የመፈተሻ መሣሪያ ይሆናል።

5. የዋጋ ማቅረቢያው እንደ መላምት

“የኋላው ኦይል ሲል ነው፤ ካምቢዮ ይውረድ” የሚል ማቅረቢያ ዋጋ ከመሆኑ በፊት ስለ መንስኤ የተነገረ አስተያየት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ “ስንት ይቀነሳል?” ሳይሆን “በምን ታወቀ?” መሆን አለበት። ምርመራው ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ለብቻው ሊከፈልበት ይገባል። ነጻ ምርመራ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ዋጋው በጥገናው ውስጥ የተደበቀ ነው፤ መርማሪውንም ጥገና እንዲያገኝ ያስገድደዋል።

ምርመራ መቼ እንደሚያዋጣ በስሌት ማሳየት ይቻላል። ምንጩ ከሁለት አንዱ ብቻ ነው፤ ወይ የላይኛው የቫልቭ ክዳን ወይም የኋላው ኦይል ሲል ነው እንበል። አጥቦ የመመርመር ዋጋ “ም”፣ የላይኛው ጥገና ዋጋ “ላ”፣ የኋላው ጥገና ዋጋ “ኋ”፣ ፍሳሹ ከላይ የመሆኑ ዕድል ደግሞ “ዕ” ይባል። በቀጥታ ካምቢዮ ማውረድ በአማካይ ኋ + (ዕ × ላ) ያስወጣል፤ ምክንያቱም ግምቱ ከተሳሳተ የላይኛውም ሥራ ይጨመራል። አስቀድሞ መመርመር ግን ም + (ዕ × ላ) + (1 − ዕ) × ኋ ያስወጣል። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ዕ × ላ ይጣፋል፤ የሚቀረውም አጭር ሕግ ነው፦ ዕ ከም ÷ ኋ በበለጠ ጊዜ ሁሉ መመርመር ያዋጣል።

ለማስረጃ ያህል ምርመራው 1፣ የላይኛው 2፣ የኋላው 12 አሐድ ዋጋ አላቸው ብንል፣ ወሰኑ 1/12 ወይም 8 በመቶ ገደማ ነው። በሌላ አባባል መካኒኩ ከመቶ 90 እርግጠኛ ቢሆን እንኳ ምርመራው ያዋጣል። በተቃራኒው ምልክቶቹ ወደ ላይኛው አብዝተው ካመለከቱ፣ ያለ ምርመራ ርካሹን ጥገና ቀድሞ መሥራት የተሻለ ይሆናል፤ የዚህ ወሰን 1 − ም ÷ ላ ሲሆን በምሳሌያችን 50 በመቶ ነው። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ ማንኛውም ባለ መኪና ግን የተሰጡትን ዋጋዎች ተክቶ ስሌቱን በወረቀት ላይ ሊሠራ ይችላል። ሁለቱም ምንጮች በአንድ ጊዜ የሚያፈስሱ ከሆነ ሁለቱም ሥራዎች የማይቀሩ ስለሆኑ ስሌቱ አይሠራም።

ምንጩ ከታወቀ በኋላ ማቅረቢያው በአራት ነጥቦች ይመዘናል። አንደኛ፣ የዕቃና የእጅ ዋጋ ተለይተው መጻፋቸው፤ ዕቃው ኦሪጅናል መሆን አለመሆኑና የተፈታው ዕቃ ለባለቤቱ መመለሱም ይካተታል። ሁለተኛ፣ ሥራው የሚጠይቃቸው ተጓዳኝ ነገሮች መጠቀሳቸው፦ አዲስ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የማይደገሙ ቡሎኖችና የመሳሰሉት። ሦስተኛ፣ የጋራ ድካም መታሰቡ ነው፤ ካምቢዮው ከወረደ ያለቀ ፍሪሲዮን አብሮ መቀየር ከፍ ያለ ማቅረቢያን ተገቢ ሊያደርግ ይችላል፤ ምክንያቱም የማውረጃው የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ አይከፈልም። አራተኛ፣ የጥገናው ዘዴ ነው። በዘንጉ ላይ ኦይል ሲሉ የቆፈረው ጉድጓድ ካለ አዲስ ጎማ ብቻ አይበቃም። ያለ ልክ የተቀባ ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተቆርጦ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ሊደፍን ይችላል። የቫልቭ ክዳን ቡሎኖችን ያለ መጠን ማጥበቅም ክዳኑን አጣምሞ አዲስ ፍሳሽ ይፈጥራል። ፍሳሽ ያቆማል ተብሎ ወደ ዘይት የሚጨመር ፈሳሽ የደረቀን ጎማ ለጊዜው ሊያለሰልስ ይችላል፤ የተቀደደውን ግን አይጠግንም።

6. ውጤቱን በውል ማሰር

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2610 አንድ ሠራተኛ በራሱ ኀላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት፣ ደንበኛውም ዋጋ ለመክፈል የሚስማሙበትን ውል ይደነግጋል። የዚህ ውል ዋና ሐሳብ ውጤት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይገልጻል። ከሁለቱ ተነሥቶ ማቅረቢያው ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ማከል ይቻላል፦ “ከዚህ ቦታ የሚወጣው ፍሳሽ ይቆማል፤ ሞተሩ ታጥቦ፣ ግሎ ከተነዳ በኋላ በጋራ ይታያል።” ይህ ጽሑፍ ለባለቤቱ ዋስትና፣ ለመካኒኩም መከላከያ ነው፤ ነገ ከሌላ ቦታ ለሚነሣ ፍሳሽ ተጠያቂ አይሆንምና።

ርክክቡ በቀዝቃዛ ሞተር መፈጸም የለበትም። ፍሳሹን የገለጠው ሙቀትና ሸክም ከሆነ፣ መቆሙን የሚያረጋግጠውም እርሱ ነው። የመጀመሪያው ፍተሻ በከተማው አቅራቢያ ባለ አጭር አቀበት ይደረጋል፤ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ብቻ በረሃው ይሞከራል።

7. ማጠቃለያ

በደጀን የሚታይ የዘይት ጠብታ ሦስት ነገሮችን በአንድ ላይ ይዞ ይመጣል፦ የሞተሩን እርጅና፣ የአቀበቱን ሸክም እና የተመልካቹን ስሕተት። የመጀመሪያውን ማስቀረት አይቻልም፤ ሁለተኛውም የመንገዱ ጠባይ ነው። ሦስተኛው ግን በነጭ ካርቶን፣ በእጥበት፣ በጥቂት ፓውደርና በአንድ ግልጽ ቱቦ ሊቀነስ ይችላል። የእነዚህ ዋጋ ካምቢዮ ከማውረድ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው፤ ከላይ የቀረበውም ስሌት ጥቂት ጥርጣሬ እንኳ ምርመራን እንደሚያዋጣ አሳይቷል።

ቀጣይ ጥናት ሊያተኩርበት የሚገባው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ አቀበቱን ጨርሰው ደጀን የሚደርሱ ተሽከርካሪዎች የመጀመሪያ ምርመራ ውጤትና ከእጥበት በኋላ የሚገኘው ትክክለኛ ምንጭ ምን ያህል ይለያያሉ? ይህ በየተሽከርካሪው ዓይነት ቢመዘገብ “ዕ” ተብሎ የተጠቀሰው ዕድል ከግምት ወደ ልኬት ይሸጋገራል። እስከዚያው ድረስ ለባለ መኪናውም ለመካኒኩም የሚበጀው ቅደም ተከተል አንድ ነው፤ አስቀድሞ ምንጩ፣ ቀጥሎ መጠኑ፣ በመጨረሻም ዋጋው።